በሰው ለቅሶ ላይ የመታሁት ዩክሌሌ

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ወዳጆቼ «ትንሽ ይብረድልሽና ጻፊው» ሲሉኝ ነበር። ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝም። እንግዲህ እንዳለሁ ልጻፈው፤ እናንተም እንዳለሁ ስሙኝ።

ስሜ ሕይወት ነው። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግሁ፣ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም የምመረምር የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ዩክሌሌ የያዝኩት እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ለማታውቋት፣ ዩክሌሌ ማለት ጊታር የምትመስል፣ ክንድ የማታህል፣ አራት የናይለን ክር ያላት መሣሪያ ናት። አንዲት ባልደረባዬ ለልጇ ከዱባይ ገዝታላት፣ ልጅቱ በሳምንቱ ስትሰለቻት እኔ ወሰድኳት። «የሕፃን ጊታር» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ ብዬ ቀጠልሁ።

እኔ የምወደው የፊልም ሙዚቃ ነው። ከንግግሩ ሥር ሥር የሚሄደውን፣ ተመልካቹ ሰምቼዋለሁ የማይለውን፣ ግን እንባውን ያመጣበትን ማለቴ ነው። ያንን በጆሮዬ እየለቀምኩ ለአራት ክር አመቻቸዋለሁ። ሃምሳ ሰው በቫዮሊንና በጥሩምባ የተጫወተውን በዚህች ትንሽ ነገር ለማውጣት ትልቁ ሥራ መጣል ነው። ዩክሌሌ ወፍራም ድምፅ የላትም። በጊታር ወፍራም በሆነው ክር ቦታ እንኳ የእሷ ቀጭን ናት። ስለዚህ ከታች የሚያጉረመርመው ሁሉ ይጣልና አጥንቱ ይቀራል። አጥንቱ የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ደግሞ ምስሉ ነው። ተዋናዩ ፊቱን መቼ እንዳዞረ፣ በሩ መቼ እንደተዘጋ፣ አንዱን ትዕይንት ሃምሳ ስልሳ ጊዜ ማየት አለብህ።

የምሠራቸውን በስልኬ እየቀረጽሁ ኢንተርኔት ላይ እለጥፍ ነበርና አንድ ቀን አንድ የፊልም ዳይሬክተር ደወለልኝ። ቢንያም እለዋለሁ፤ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ጎንደርና የስሜን ተራሮች ውስጥ ፊልም ቀርጾ ጨርሶ ነበር።

«በኪቦርድ የሚሠራ የሀዘን ሙዚቃ አንገሽግሾኛል» አለኝ። «ያንቺ መሣሪያ አቅም የላትም። እኔ አቅም ያጣ ድምፅ ነው የምፈልገው።»

ከዚያ በፊት ሥራዬን እንዲያ አድርጎ የገለጸልኝ አልነበረም። ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቃችሁም፤ በኋላ ለሆነው ነገር ያ ደስታዬ ድርሻ አለው።

የላከልኝ ትዕይንት ሦስት ደቂቃ የማይሞላ፣ ድምፅ የሌለው ምስል ነበር። ጭጋግ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ሰዎች ተሰብስበዋል። ከመካከላቸው አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ታለቅሳለች። በእጇ ቀይ የሴት ቦርሳ ይዛለች። ቦርሳውን ወደ ሰማይ ታነሳዋለች፣ መልሳ ደረቷ ላይ ትጥለዋለች፣ ደግማ ታነሳዋለች። ሁሉም ከሩቅ የተነሳ ነው።

«ከደባርቅ ያመጣናት ተዋናይት ናት» አለኝ ቢንያም። «እንዴት ናት?»

«ታስፈራለች» አልኩት። በአድናቆት ነበር ያልኩት።

ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። ቅኝቱን አንቺ ሆዬ አደረግሁት። ምቱን ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ? ከቦርሳው። ሴትዮዋ ቦርሳውን ስታነሳ ቀጭኗን ክር እነካለሁ፣ ደረቷ ላይ ሲወድቅ አራቱንም ክር በአውራ ጣቴ ወደ ታች እጠርጋለሁ። ቦርሳው አየር ላይ በቆየበት ልክ ዝም እላለሁ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራትቶ ጭቃ ላይ የሚወድቅበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ዜማው አንድ ደረጃ እንዲወርድ አደረግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ዓይኔን ወግቶኝ ነበር። በምስሉ ግራ ጥግ አንድ ሸበቶ ሰው አለ። ድንገት ወደ ካሜራው ይዞርና መዳፉን ዘርግቶ ያነሳል፣ ተው እንደማለት።

«ይሄ ሰውዬ ምነው ካሜራውን ያያል?» ብዬ ቢንያምን ጠየቅሁት።

«የአካባቢው ሰው ነው፣ ለማሟያ ያስገባነው። ልምድ የለውም። እሱን እቆርጠዋለሁ።»

አመንኩት። ወይም ለማመን ተመቸኝ። አሁን ሳስበው ሁለተኛው ነው።

ፊልሙ ለተጋበዙ ሰዎች የሚታየው እሑድ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ የመጀመሪያውን ቅጂ ላክሁ። ከዚያ የለቅሶዋ ድምፅ ከሙዚቃዬ ጋር እንዳይጋጭ ብዬ ፊልሙን የሚቆርጠውን ባለሙያ ዋናውን ድምፅ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ሳያንገራግር ላከልኝ። ምን እንዳለበት ሰምቶት የነበረ አይመስለኝም። ዓርብ ከምሳ በኋላ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከፈትሁት።

መጀመሪያ የመኪና ሞተር ነው የሰማሁት። ከዚያ ሹክሹክታ።

«መስኮቱን ዝቅ አርገው። ዝቅ!»

«ያዩናል እኮ!»

«አያዩንም፤ ራሳቸውን ስተዋል። ቅረጽ ዝም ብለህ።» ይሄኛው የቢንያም ድምፅ ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ «እንዲህ የምታለቅስ ተዋናይት አገር ባካልል አላገኝም» አለ። አንድ ሰው ሳቀ።

ከሳቁ ኋላ፣ ከሩቅ፣ የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። «ብርቄ! ቦርሳሽን ትተሽ ወዴት ነው? ዛሬ ሰኞ አይደለም ወይ? ትክል ድንጋይ ልጆቹ ይጠብቁሻል! ብርቄ!»

ማዳመጫውን አወለቅሁ። ተነስቼ እጄን ታጠብሁ፤ ላቦራቶሪ እንደለመድኩት እስከ ክንዴ ድረስ፣ በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ። ለምን እንደታጠብሁ አላውቅም። ከዚያ ስልኩን አንስቼ ደወልሁ።

«ቢንያም፣ ቦርሳ የያዘችው ሴት ማናት?»

«ነግሬሻለሁ እኮ፣ ተዋናይት…»

«ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ያንተንም ድምፅ ሰምቼዋለሁ።»

«ማን ነው እሱን የላከልሽ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው።

«የት ነው የቀረጻችኋት?»

«ወደ ስሜን ስናልፍ፣ ኮሶዬ፣ መንገድ ዳር። ስሚኝ ሕይወት፣ ይሄን ያህል የሚጋነን ነገር የለውም። ፊቷ በቅርብ አይታይም። ማንም አያውቃትም።»

«እሷስ ራሷን አታውቅም?»

«ገበሬ ናት እኮ! ፊልም ቤት መቼ ትገባለች?»

ይህን ቃል እንዳለ ነው የጻፍኩላችሁ። «ሂድና አስፈቅዳት» አልኩት።

«ስድስት ወር ያለፈውን ሀዘን ሄጄ ልቀስቅስባት? ጭካኔ ማለትማ እሱ ነው።»

«እንግዲያው ሙዚቃዬን አልሰጥህም።»

«የላክሽልኝ ቅጂ ይበቃኛል» አለና ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮሶዬ ወረድሁ። የግንቦት ጭጋግ መንገዱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ከመንገዱ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ገብቼ ባለቤቲቱን ጠየቅሁ። «በኅዳር ልጇ የሞተችባት… ልጅቱ ብርቄ የምትባል…»

ሴትዮዋ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። «የጥሩነሽን ልጅ ነው የምትይ? የመምህርቷን?» አለችኝ። «ከትክል ድንጋይ ስትመለስ ማኪና ተገልብጦባት ነው። አንድ ዓመት እንኳ ሳታስተምር።» ቤቱን በጣቷ አሳየችኝ።

አጥሩ ሥር እንጨት የሚፈልጡ ሸበቶ ሰው አገኘሁ። ገና ከሩቅ አወቅኋቸው። በምስሉ ግራ ጥግ መዳፋቸውን ያነሱት እሳቸው ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልምድ የለውም እያልሁ ያየኋቸው ሰው።

«አያ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማንን ነው?»

የመጣሁበትን ነገርኋቸው። እስክጨርስ ድረስ መጥረቢያቸውን ተደግፈው ቆሙ። አያ ካሴ ይባላሉ፤ የሟቿ አጎት፣ የእናቷ ወንድም ናቸው።

«እኔ አይቻቸዋለሁ» አሉ። «ነጭ ማኪና ናት። በመስኮቷ ጥቁር ነገር አውጥተዋል። ተው ብዬ በእጄ ከለከልሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ላድርግ? ሬሳ ጥዬ ልሩጥባቸው?»

«ለእትዬ ጥሩነሽ ነግረዋቸዋል?»

«አልነገርኋትም። አንቺም ብትተይው ሸጋ ነበር።» አየት አደረጉኝና፣ «ግን ነገ ሰው ሁሉ የሚያየው ከሆነ እሷ ሳታውቅ ልትቀር ነው? ግቢ» አሉኝ።

እትዬ ጥሩነሽ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ገብስ ይለቅሙ ነበር። ጥቁራቸውን አላወለቁም። ከምስሉ ላይ ካየኋት ሴት ያነሱ፣ አጠር ያሉ ናቸው። ማን እንደሆንሁ፣ ምን እንደምሠራና ምን ይዤ እንደመጣሁ ስነግራቸው እጃቸው ገብሱ ውስጥ ቆመ። አላለቀሱም፣ አልጮሁም። «አሳይኝ» ብቻ አሉ።

በስልኬ ከፈትሁላቸው። ሹክሹክታው ያለበትን ድምፅ አላሰማኋቸውም፤ ሙዚቃዬ ያለበትን ቅጂ ነው ያሳየኋቸው። መጀመሪያ ራሳቸውን አላዩም። ስልኩን አስጠግተው ሌሎቹን ሰዎች ነው የለዩት። «ይቺ እኅቴ ናት። ይሄ የአለቃ ልጅ ነው። ኧረ እሷም መጥታ ኖሯል?» ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩ። «ካሴ፣ ይህን ያህል ሰው መጥቶልኝ ነበር? እኔ እኮ ከዚያ ቀን ምንም የማስታውሰው የለኝ።»

ከዚያ ነጠላው ጭቃ ላይ የሚወድቅበት ቦታ ደረሰ፤ ዜማዬ አንድ ደረጃ ወረደ። እትዬ ጥሩነሽ ስልኩን ከጆሯቸው አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት።

«ይቺ የምትንቆረቆረው ምንድን ናት?»

«ሙዚቃ ናት። የእኔ ናት። እኔ ነኝ የሠራኋት።»

«ይህን እያየሽ?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ አየሽኝ?»

መዋሸት እችል ነበር። «መቶ ጊዜ ይሆናል» አልሁ።

«መቶ ጊዜ አይተሽኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ «መቶ ጊዜ አይተሽኝ ሰው መሆኔ አልታየሽም?»

«ተዋናይት ናት ብለውኝ ነው፣ እትዬ…»

«ሰው ከልቡ ሲያለቅስ አይታወቅሽም? ሆስፒታል ነው የምሠራው አላልሽም? እዚያ የሚያለቅስ ሰው አይተሽ አታውቂም?»

ከጎንደር የተነሳሁት ቁጣዬን ይዤ ነበር፤ ቢንያም ላይ፣ ካሜራው ላይ፣ ያ የሳቀው ሰው ላይ። ምስክር ሆኜ፣ ጥሩ ሰው ሆኜ ነበር የመጣሁት። እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ ግን ቁጣው ዞሮ እኔኑ ያዘኝ። በየቀኑ የሬሳ ክፍሉን ደጅ አልፌ ነው ሥራ የምገባው። እንዲያ የሚያለቅስ ሰውነት፣ የወደቀ ነጠላውን የማያነሳ ሰው ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። አውቀው ነበር። ዜማዬ ስላማረብኝ ነው ያላወቅሁት።

እትዬ ጥሩነሽ ስልኩን መለሱልኝ። «ሙዚቃዋ ሸጋ ናት» አሉ። «ሸጋ መሆኗ ነው ያናደደኝ። ሰው ሰምቶ ደስ ይለዋል።» ከዚያ ገብሱን ከጭናቸው ላይ አነሱ። «ነገ በስንት ሰዓት ነው?»

«በስምንት ሰዓት።»

«እሄዳለሁ።»

አያ ካሴ «ኧረ ጥሩዬ፣ ምን ሊያደርግልሽ?» አሉ።

«እነሱ እኔ ቤት መጥተው የለ? እኔም ቤታቸው እሄዳለሁ።»

እዚያው አድሬ እሑድ ጠዋት ሦስታችንም ጎንደር ገባን። ለስምንት ሰዓቱ ስንደርስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሱፍ የለበሱ ሰዎች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ አበባ የያዙ ልጃገረዶች። ቢንያም በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። እኔን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ወዲያው ግን ፈገግ አለ። የመጣሁት ለመታረቅ መሰለው። ከዚያ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞሮ ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው።

«እናትሽ ናቸው? እንኳን ደህና መጡ እናቴ!»

አላወቃቸውም። ወራት ሙሉ ምስላቸውን ሲቆርጥና ሲቀጥል ከርሞ፣ እጃቸውን ይዞ፣ ዓይናቸውን እያየ አላወቃቸውም። እትዬ ጥሩነሽ እጃቸውን ቀስ አድርገው አወጡና ገቡ።

ፊልሙ ተጀመረ። እትዬ ጥሩነሽ በእኔና በወንድማቸው መካከል ቁጭ ብለው ጥርስ እንዳመመው ሰው ጉንጫቸውን ይዘው ያያሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭጋጉ መጣ። ባሕር ዛፉ መጣ። ዩክሌሌዬ በትልልቅ ስፒከር ጀመረች። ልክ ናት። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት መሐረብ አወጣች። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ማርያምን፣ ጆሮዬ «ልክ ገብታለች» አለኝ። ራሴን የጠላሁት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ተነሱ። ልይዛቸው ብል እጄን አስለቀቁኝ። በመቀመጫዎቹ መካከል ቀጥ ብለው ሄደው ሸራው ፊት ቆሙ። ምስሉ ሰውነታቸው ላይ አረፈ። ወደ ሰው ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ተዋናይቷ መጣች ብለው ነው! አንዳንዶቹ ቆመው ነበር የሚያጨበጭቡት፤ የሚያፏጭም ነበር። ስልኮች ተነሱ። ቢንያም ከፊት ወንበር ዘልሎ ተነሳ። ፊቱን አየሁት። አሁን ነው ያወቃቸው። ታዲያ ምን ያደርጋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ማይክ አነሳ። «ክቡራን እንግዶቻችን፣ ይህ ያላሰብነው ክብር ነው…» ብሎ ጀመረ።

እንዴት እንደደረስሁ አላስታውስም። ፕሮጀክተሩ ያለበት ጠረጴዛ ጋ ሄጄ የያዝሁትን ገመድ ሁሉ ነቀልሁ። ሸራው ባዶ ሆነ፣ ዩክሌሌዬ ተቆረጠች። መብራት በራ።

«ምንድን ነው የምታደርጊው!» ብሎ ቢንያም ጮኸብኝ።

«ተዋናይት አይደሉም!» ብዬ ጮህሁ፤ ማይክ አላስፈለገኝም። «ልጃቸውን ሲቀብሩ መኪና ውስጥ ተደብቀው ቀርጸዋቸው ነው! የሚያለቅሱት ለልጃቸው ነው! ሙዚቃው የእኔ ነው፤ እኔም አለሁበት!»

ጭብጨባው ቆመ። ከፊቴ ያለች ልጅ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

እትዬ ጥሩነሽ ግን ወደ ቢንያም አልዞሩም። «ያነሳኝ ማን ነው?» አሉ።

ከዚያ ከግድግዳው ጥግ አንድ ረዥም ሰው ተነሳ። ካሜራማኑ ነው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል። «እኔ ነኝ፣ እናቴ» አለ። ድምፁን ለየሁት። ያዩናል እኮ ያለው እሱ ነበር።

«አይተኸኝ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው አልወረድህም?» አሉት። «መንገደኛ ሁሉ ይወርዳል። ሹፌሩም ነጋዴውም ወርዶ ነፍስ ይማር ብሎ ነው የሚያልፈው። አንተ ወርደህ ነፍስ ይማር ብትለኝ ውሃ አላጠጣህም ነበር? ምነው አልወረድህም?»

ሰውዬው ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። ቢንያም በዚያ መሃል «እናቴ፣ እኛ እኮ ለልጅዎ መታሰቢያ እንዲሆን…» ሲል አያ ካሴ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «አንተ ዝም በል» አሉት። ዝም አለ። ያን ቀን ዝም ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ያ ምስል ዓይናቸው እያየ እንዲጠፋ። ካሜራማኑ ከላፕቶፑም፣ ከዋናው ማስቀመጫም፣ ከራሱ ስልክም እያሳያቸው አጠፋው፤ እኔም ከስልኬ አጠፋሁት። ከእንግዶቹ ግማሹ ወጥቶ ነበር። የቀሩት አንዳንዶቹ እየመጡ እግዚአብሔር ያጽናዎት አሏቸው። እሳቸውም ለእያንዳንዱ አሜን አሉ።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አላለቀም።

በመስከረም ፊልሙ ወጣ። ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ጭጋጉ አለ፣ ባሕር ዛፉ አለ። ጥቁር የለበሰች ሴት አለች፤ የዚህችን ፊት አውቀዋለሁ፣ ተዋናይት ናት። ቀይ ቦርሳ ይዛለች። ወደ ሰማይ ታነሳዋለች፣ ደረቷ ላይ ትጥለዋለች። ነጠላዋ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ትከሻ ተንሸራትቶ ጭቃ ላይ ይወድቃል። ቢንያም ምስሉ ቢጠፋበትም እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በቃሉ ይዟታል፤ አስጠንቶ አስመሰላት። ሙዚቃው በኪቦርድ ነበር። ለመውሰድ ያልደፈረው የእኔን ብቻ ነው፣ እሱንም ጠበቃ ስላናገርሁ።

ሄጄ ለእትዬ ጥሩነሽ ነገርኋቸው። ሌላ ሰው ከሚነግራቸው ብዬ ነው። 

«ቦርሳው ውስጥ ምን አስገቡበት?» አሉኝ።

«ባዶ ይመስለኛል።»

«የብርቄ ጠመኔ ነበረበት» አሉ። «ያላረመችው የልጆቹ ፈተናም ነበረበት። ያን ጊዜ ከብዶኝ ነበር እኮ ሳነሳው።»

ዩክሌሌዬን አልተውኋትም። ዛሬም የፊልም ዜማ እለቅማለሁ፣ እጥላለሁ፣ አስቀራለሁ። ያቺን ዜማ ግን ከዚያ ወዲህ መትቻት አላውቅም። እዚያ አዳራሽ የነበሩ ሰዎች «ያቺን ተጫወቺልን» ብለው የለመኑኝ አሉ፤ እመኑኝ፣ አሉ! ጣቶቼ ይችሏታል። አልጫወታትም።

እናንተ የምታነቡኝ ደግሞ፣ «እኔ ዳይሬክተር አይደለሁም፣ ምን አገባኝ» እንዳትሉ። እኔም አልነበርሁም። እኔ የሰው ሀዘን ላይ ጥሩ ነገር ጨመርሁ ብዬ የማስብ፣ ማንንም ያልጎዳሁ የመሰለኝ ሰው ነበርሁ። ስልካችሁን ክፈቱት። ስንት የማታውቋት ሴት የምታለቅስበት ቪዲዮ ተልኮላችሁ፣ ከሥሩ ሙዚቃ ተደርጎበት፣ «በጣም ያሳዝናል» ብላችሁ ለሌላ ሰው አሳልፋችኋል? ከመካከላችሁ ወርዶ ነፍስ ይማር ያለ አለ?

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ ባጃጅ አንዲት ልጅ ገጨ። ከኔ በፊት ደርሰው የከበቧት ሰዎች ስልክ አውጥተው ነበር። ነጭ ጋውኔን አውልቄ ከላይዋ እንደ መጋረጃ ዘርግቼ ያዝሁባት፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ክንዴ እስኪዝል ያዝሁ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ስጮህባቸው፣ ስሰድባቸው ነበር። ልጅቱ ተርፋለች። አንዱ ግን እኔን ሲቀርጸኝ ኖሮ በማግሥቱ ተለጠፈ፤ «ያበደች ነርስ» ይላል። ነርስ አይደለሁም። ብታገኙት እዩት፣ ለእኔ ግድ የለኝም፣ እኔ ፈቅጃለሁ። ከጋውኑ ኋላ ያለችውን ግን አታገኟትም።